ክፍሎቹ ሰው ሲጠሩ

ባለፈው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ብሩክታዊት በሕልሟ ክፍሎች ቤቷ በር ላይ ተሰልፈው አየች።

ሰዎች አልነበሩም፤ ክፍሎች ነበሩ። ከፊት አንድ ጠባብ የሐኪም ክፍል ቆሟል። ከእሱ ኋላ አንድ የመማሪያ ክፍል ጥቁር ሰሌዳውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ይተክዛል። ሁለት መኝታ ቤቶች ጆሮ ለጆሮ ይንሾካሾካሉ። ሰልፉ ደረጃውን ወርዶ፣ ግቢውን አልፎ እስከ መገናኛ ይደርሳል፤ ሁሉም በሮቻቸውን በብብታቸው ሸጉጠዋል። መንገድ ዳር የታክሲ ረዳቶች «አንድ መኝታ ቤት! አንድ መኝታ ቤት የቀረው!» እያሉ ይጣራሉ።

ብሩክታዊት ደነገጠች። የደነገጠችው ግን ክፍሎች ስለተሰለፉ ሳይሆን ገና ፊቷን ስላልታጠበች ነበር።

ነቅታ በምትኖርበት ዓለም ክፍሎችን የምታዘው እሷ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አነስተኛ ድርጅት ቀጥሯት ፕሮግራም ትጽፋለች። ድርጅቱ በኢንተርኔት የሚካሄዱ የቪዲዮ ስብሰባዎችን ያስተናግዳል። ባንክ ይሁን ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ይሁን የሠፈር ዕድር፣ ስብሰባ ሲያስፈልገው እሷ የጻፈችው ፕሮግራም ሩቅ አገር ላለ ማሽን ትእዛዝ ይልካል። ክፍል ክፈት ይላል። እገሌን አስገባ፣ የእገሊትን ድምፅ ዝጋ፣ የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ክፍሉን አጥፋ ይላል። ማሽኑም «እሺ» ብሎ ይመልሳል፤ ሌላ ነገር አይናገርም። ብሩክታዊት እንዲህ ግድግዳ የሌላቸውን ክፍሎች ስትከፍትና ስትዘጋ ዓመታት አልፈዋል፤ እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ ግን አንዳቸውም ፊት ለፊት መጥተው አነጋግረዋት አያውቁም።

የሐኪሙ ክፍል ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ሰው ክፈቺልን» አለ።

«ሰው አይከፈትም» አለች። «የሚከፈተው ክፍል ነው።»

ክፍሎቹ ሳቁ። ሳቃቸው የወንበር መጎተት ድምፅ ነበረው።

«ዛሬ ትእዛዙን የምንልከው እኛ ነን፤ አንቺ እሺ ብቻ በይ» አላት የመማሪያ ክፍሉ።

ይህማ እንዴት ይሆናል ብላ ልትከራከር አፏን ከፈተች። የወጣው ግን «እሺ» ነበር። ያን ጊዜ በሐኪሙ ክፍል ውስጥ አንድ ጎልማሳ ከባዶ አየር ዱብ አለ፤ ፒጃማ ለብሷል፤ የጥርስ ቡርሹ አፉ ውስጥ ነው። «የት ነው ያለሁት?» ብሎ ሳይጨርስ ክፍሉ በብብቱ የያዘውን በር መልሶ ገጠመና እየተውለበለበ ሄደ። እሺ አለች፤ የመማሪያ ክፍሉ በልጆች ተሞልቶ ተንጫጫ። እሺ አለች፤ ሁለቱ መኝታ ቤቶች ተኝተው የሚያንኮራፉ ባልና ሚስት ደረሳቸው፤ ለየብቻ ግን ነበር፣ ባል ለአንዱ፣ ሚስት ለሌላው፤ ማንም ቅሬታ አላቀረበም።

ሰልፉ እየሳሳ ሲሄድ ከሁሉም ኋላ አንድ ክፍል ለብቻው ቆሞ አየችው። በር አልያዘም። ግድግዳው እስከ ወገቡ ሰማያዊ፣ ከወገቡ በላይ ክሬም ቀለም ነው። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው ማራገቢያ አንዱ ክንፉ ጠምሞ እየተንቋቋ ይዞራል። መሬቱ ላይ ቀይና ነጭ ሸክላ ተነጥፏል፤ አንዱ ሸክላ ሲረግጡት ይነቃነቃል።

ብሩክታዊት አወቀችው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ያደገችበት ቤት ሳሎን ነበር። ያ ቤት እናቷ ወይዘሮ አጸደ ካረፉ በኋላ ተሽጧል፤ የገዛው ሰውም አፍርሶ ፎቅ ሠርቶበታል። እሷ ፎቁን አይታው አታውቅም፤ ላለማየትም ድሬዳዋ መሄድ ትታለች።

«አንተስ ሰው አትጠይቅም?» አለችው።

«እኔ ያለችኝ አንዲት ሰው ትበቃኛለች» አለ ሳሎኑ። «ችግሩ ፈረቃዋ ሊያልቅ ነው። እሷ ስትወጣ እጠፋለሁ፤ ሕጉን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ከዚያ ዞሮ በሸክላዎቹ እየተንሸራተተ ቁልቁል ሄደ። ብሩክታዊት ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ተከተለችው።

መገናኛ እንደ ሁልጊዜው ተጨናንቋል፤ ግን ጸጥ ብሏል። ረዳቶቹ ሳይቀሩ አሁን አፋቸውን በሰፊው ከፍተው ይቆማሉ እንጂ ድምፅ አይወጣቸውም። የሚሰማው አፋቸውን የዘጉት ሰዎች ወሬ ብቻ ነበር። አንዲት አፏን በነጠላ የሸፈነች ሴት ስለ ቤት ኪራይ ስትጮህ አካባቢው ይናወጣል። ብሩክታዊት «አንድ ሳሎን ሲያልፍ አይታችኋል?» ብላ ጮኸች፤ ማንም ዘወር አላለም። ደግማ ጮኸች። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጣ ከንፈሯን ስትገጥም ድምፅዋ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

«ወደ ለገሃር ወርዷል» አላት አንድ ሰው ከንፈሩን ሳያላቅቅ። «አልቅሶም ነበር መሰለኝ፤ ጣሪያው ያፈስ ነበር።»

ለገሃር በር ላይ አንድ የዘበኛ ቤት ዘበኛውን በብብቱ ይዞ ቆሟል። ከፊቱ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሰዎች እስኪጠሩ ይጠብቃሉ፤ ሁሉም ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ካራቫት ያሰሩ፣ ሾፌር ያላቸው። መሐላቸው የብሩክታዊት አለቃ ዳግማዊ ጉልበቱን ገጥሞ ተቀምጧል። ዳግማዊ ድርጅቱን ያቋቋመው ሰው ነው፤ በዕድሜ ከእሷ ብዙም አይበልጥም፤ በሰዓት ጉዳይ ግን ከማንም ጋር አይደራደርም።

«ብሩኬ» አላት እንባ ባቀረረ ዓይን፤ «የራሴን ስብሰባ እንድገባ ንገሪያቸው። ሰብሳቢው እኔ እኮ ነኝ!»

«ሰብሳቢ አይገባም» አለ የዘበኛ ቤቱ። «የሚገባው ያልተጠራ ነው። አንቺ ተጠርተሻል?»

«አልተጠራሁም።»

«እንግዲያው መታወቂያ።»

መታወቂያዋን አወጣች። ፎቶው ላይ የጀርባዋ ምስል ነው ያለው፤ ጠጉሯ በጥድፊያ ታስሯል። የዘበኛ ቤቱ ዞር በይ አላት፤ ጀርባዋን ከፎቶው ጋር ካመሳከረ በኋላ አሳለፋት። ዳግማዊ ከኋላዋ «ቢያንስ ሰዓቱ እንደደረሰ ንገሪልኝ!» ሲል ሰማችው።

ባቡሩ ቆሟል። ገብታ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ባቡሩ አሁንም እንደቆመ ነው። ፊት ለፊቷ አንዲት ባልቴት ከነበጎቻቸው ተሳፍረዋል፤ በጎቹ ወንበር ይዘው እሳቸው ቆመዋል።

«እማማ፣ መቼ ነው የሚንቀሳቀሰው?» አለቻቸው።

«ማን፣ ባቡሩ? ምን በወጣው!» አሏት። «ከተሞቹ እግር የላቸውም እንዴ? ይመጣሉ።»

እውነትም መጡ። መጀመሪያ አዳማ በባጃጆቿ እየተንጫጫች ደረሰች፤ መስኮቱ ላይ ትንሽ ቆማ ትንፋሿን ሰብስባ አለፈች። ከዚያ መተሐራ መጣች፣ እጇ ሸንኮራ በሸንኮራ ሆኖ። አዋሽ ወንዙን በጀሪካን ተሸክሞ እያላበው ደረሰ፤ ለተሳፋሪዎቹም አንድ አንድ ስኒ እየቀዳ ሰጠ። ሚኤሶ አቧራዋን አራግፋ፣ ይቅርታ ጠይቃ አለፈች። ተሳፋሪዎቹ ለየከተማው ከመቀመጫቸው እየተነሱ ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ይጠይቃሉ።

ድሬዳዋ ግን ዘገየች። ብሩክታዊት አንገቷን በመስኮት አስግጋ ጠበቀች። ሳሎኑ እየጠፋ ይሆናል ብላ ሰጋች።

«ድሬ ከምሳ በኋላ ተኝታ ነው» አሉ እማማ። «በዚህ ሙቀት ማን ይቀሰቅሳታል?»

ብሩክታዊት ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። ልጅ ሳለች ከተማው ሁሉ ከቀትር በኋላ ሱቁን ዘግቶ፣ ሽርጡን አገልድሞ ይጋደም ነበር። መንገዱ ላይ የሚንቀሳቀሰው የድሬዳዋ ዛፍ ቀይ አበባ ብቻ ነበር፤ እሱም እየረገፈ። ያን ጊዜ መተኛት የማትችለው እሷ፣ ጀርባዋን ቀዝቃዛው ሸክላ ላይ አስተኝታ የማራገቢያውን ዙር ትቆጥር ነበር።

ድሬ መጣች። ሽርጧ ወገቧ ላይ እንደነገሩ ተጠቅልሏል፤ አንዱ ጉንጯ ላይ የትራስ ምልክት ወጥቶበታል። እያፋሸገች ባቡሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ብሩክታዊትም ወረደች።

ከዚራ ላይ ቤቶቹ ሰዎቹን ውጭ ቆልፈውባቸው ሄደዋል። ሰዎቹ ግን ቅር አላላቸውም፤ እያንዳንዱ ቤቱ በነበረበት ቦታ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ልብስ ሰፊዋ ማዳም ማርጋሪት እጆቿን ዘርግታ በረንዳ ሆናለች፤ ሥሯ ሁለት ድመቶች ጥላ ይዘው ተኝተዋል። ማዕዘኑ ላይ ባለሱቁ አቶ ሸምሱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ስኳር፣ ክብሪትና ሳሙና ተሰልፈው እየገዙት ነው።

«ሩብ ሸምሱ» አለ ስኳሩ።

«ትናንት የወሰድከውን ሳትጨርስ?» አለ አቶ ሸምሱ። ከዚያ ብሩክታዊትን አያትና «አደግሽ!» አላት። «እዚያው ነው፤ ሂጂ፤ ግን ፍጠኚ።»

ሳሎኑ እቦታው ቆሟል። ዙሪያውን ብትዞር በር የለውም። ግድግዳውን ብታንኳኳ ድምፅ የለም። ግራ ገብቷት ደረቷን ስትይዝ እጇ ቀዝቃዛ ነገር ነካ፤ የበር እጀታ ነበር። የራሷን ደረት አንኳኳች።

«ማነው?» አለ ከውስጥ የሴት ድምፅ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«ብሩክታዊት። የቤቱ ልጅ።»

«የቤቱ ልጅ ገና አልተወለደችም» አለ ድምፁ። «ስትወለድ ትምጣ።»

ብሩክታዊት እዚያው ቆማ ቀረች። ሳሎኑ ከግርጌው እየሳሳ ነው፤ ሸክላዎቹ አንድ በአንድ ሲከስሙ ታያለች። ከዚያ እሑድ እሑድ ቤታቸውን ይሞላ የነበረው ሰው ትዝ አላትና ደግማ አንኳኳች።

«ማነው?»

«እንግዳ።»

«ኧረ እንግዳማ ደጅ አይቆምም!» አለ ድምፁ፤ ወዲያው ውስጥ ሆና ተገኘች።

አጸደ እዚያ ተቀምጣለች። ወጣት ናት፤ ከብሩክታዊት ቢያንስ በአሥር ዓመት ታንሳለች። ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ጠጉሯን ወደ ኋላ አስይዛዋለች። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋለች፤ ፊቷ ያለው ግድግዳ ሁሉ ቀዳዳና ገመድ፣ ቀዳዳና ገመድ ነው። አጸደ በሕይወቷ ሙሉ የሠራችው ይህን ነበር፤ ድሬዳዋ የስልክ ማዞሪያ ውስጥ የሰው ድምፅ ከሰው ድምፅ ጋር ታገናኝ ነበር። ቤታቸውም ስልክ የገባለት በሠፈሩ የመጀመሪያው ነበር። እሑድ እሑድ ሳሎናቸው በሰው ይሞላል፤ ከጅቡቲ ልጇ እንዲደውልላት የምትጠብቅ እናት፣ ከአሰብ ወንድሙን የሚጠብቅ ጎረምሳ፣ ምንም ሳይጠብቅ ወሬ ለመስማት ብቻ የሚመጣ ጎረቤት። ስልኩ ሲጮኽ ሁሉም ይነሣል። የአንዱን ወሬ ሁሉም ይሰማል፤ አንዷ ማርገዟን ስትናገር ሁሉም እልል ይላል፤ መርዶ ከሆነም ሁሉም አብሮ ያለቅሳል። ምስጢር የሚባል ነገር አልነበረም፤ እንዲኖርም የጠየቀ አልነበረም። ብሩክታዊት ከሰው ጉልበት ወደ ሰው ጉልበት እየተሸጋገረች ነው ያደገችው።

«እማዬ» አለች።

አጸደ ዞራ በትሕትና ፈገግ አለች።

«እኔን ነው እትዬ? በዕድሜ እኮ ይበልጡኛል። ይቀመጡ፤ ውኃ ላምጣልዎት?»

እናቷ አንቱ ስትላት ብሩክታዊት ፊቷን ትኩር ብላ አየች። ያንን ፈገግታ ታውቀዋለች፤ ለእንግዳ የሚሰጥ ነው እንጂ ለእሷ ተሰጥቷት አያውቅም። ለእሷ የሚሰጠው ግልምጫና ጉርሻ ነበር። ተቀመጠች። የሚነቃነቀው ሸክላ ከእግሯ ሥር ቋ አለ።

«ምንድነው የምትሠሪው?» አለቻት።

«ክፍሎችን አገናኛለሁ። ይኸው፣ የጓዳው መልእክት» አለችና አንዱን ገመድ ሰካች። «ጓዳ ከሳሎን ጋር ከተኳረፉ ቆይተዋል። አሁን ሊታረቁ ነው። እርስዎስ ምን ይሠራሉ?»

«እኔም እሱኑ።»

«ደግ ነው! ገመድዎት የታለ?»

«ገመድ የለኝም። እጽፋለሁ። ክፍል ክፈት ብዬ ስጽፍ ይከፈታል።»

አጸደ ማዳመጫዋን ከአንድ ጆሮዋ ላይ አነሣች።

«ታዲያ ሲያወሩ አይሰሟቸውም?»

«አልሰማቸውም። ሕጉ አይፈቅድም፤ የሰው ምስጢር ነው። መግባታቸውንና መውጣታቸውን ብቻ ነው የማየው።»

«ውይ እትዬ» አለች አጸደ፤ ከልቧ አዝናለች። «ታዲያ ምኑን ሠሩት? እኔ ትንፋሻቸውን ሰምቼ ነው ማን እንደሆኑ የማውቀው።»

ብሩክታዊት ልትመልስላት ስትል ማራገቢያው ቀጥ አለ። አጸደ ቀና ብላ አየችው፤ ማዳመጫዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ቀሚሷን አስተካከለች።

«ፈረቃዬ አለቀ» አለች።

«አትሂጂ!» አለች ብሩክታዊት ብድግ ብላ። «አንቺ ከወጣሽ ክፍሉ ይጠፋል።»

«አውቃለሁ። ተተኪ እንዲልኩልኝ ስንት ጊዜ ነገርኳቸው፤ ሰው የለም አሉኝ። ግን መሄዴ የግድ ነው።»

«የት ነው የምትሄጂው?»

አጸደ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። ብሩክታዊት ያን ጊዜ ነው ልብ ያለችው፤ ቢጫው ቀሚስ ከፊት ተወጥሯል።

«ልወልድ ነው» አለች አጸደ። «ሴት ናት ይላሉ።»

ሳሎኑ ትንፋሹን ዋጥ ያደረገ ይመስላል። ብሩክታዊት የምትናገረው ብዙ ነበር፤ የመጨረሻው ሳምንት ሆስፒታል መድረስ እንዳልቻለች፣ ቤቱን ሲሸጡ እንደፈረመች፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ሲደውል ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን ብቻ እንደምታይ። አንዱንም አልተናገረችም። ለማታውቅ ልጅ ምን ይባላል?

«ስሟን ማን ልትያት ነው?» አለች።

«እንጃ። እርስዎ ማን ልበላት ይላሉ?»

«ብሩክታዊት።»

አጸደ በአፏ ይዛ ሞከረችው። «ብሩክታዊት... ብሩክታዊት፣ ይሰማል? ስልክ ላይ ይረዝማል» አለች። «ግን ደስ ይላል። መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ግማሹ ይደርሳል።»

ከዚያ ማዳመጫውን አንሥታ በገዛ እጇ የብሩክታዊት ራስ ላይ አደረገችላት፤ ጠጉሯን ከጆሮዋ ላይ ገለል አደረገችላት። ጣቶቿ ሽቦና የሎሚ ሳሙና ይሸታሉ።

«እርስዎ ከተቀመጡ አይጠፋም» አለች። «ሲጠራ ያንሡ። ማን እንደሆኑ አይጠይቋቸው፤ መጀመሪያ ትንፋሻቸውን ያዳምጡ።»

«እስከ መቼ ልቀመጥ?»

«እሷ እስክትመጣ» አለች አጸደ፤ በር በሌለበት ግድግዳ በኩልም ወጥታ ሄደች።

ብሩክታዊት ብቻዋን ቀረች። ሸክላዎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ፤ ማራገቢያው እየተንቋቋ ዞረ። ቤቱ እንደ ድሮው ነው። ሰው ብቻ ነው የጎደለው። የምትቀመጥበትን ጊዜ አላሰበችም፤ ለዘላለም ቢሆንም ግድ አልነበራትም። ግድግዳው ላይ አንዲት ትንሽ መብራት በራች። ገመዱን ያዘች፤ ሞቅ ያለ ነው፣ ከሰው እጅ እንደወጣ። ሰካችው። ጆሮዋ ውስጥ አንድ ሰው ተነፈሰ፤ አወቀችው፤ አቶ ሸምሱ ነበር። ሁለተኛ መብራት በራ፤ ማዳም ማርጋሪት። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ከዚያ ግድግዳው ሁሉ በራ። ሁሉም በአንድነት ይጠራል። እጇ ለየትኛው እንደሚደርስ አጣች። ጥሪው እያየለ፣ እያየለ መጣ፤ ጮክ ብላ መለሰች።

«ድሬዳዋ ማዞሪያ! ማንን ልስጥዎት?»

«ምን?» አለ ዳግማዊ።

ብሩክታዊት ዓይኗን ገለጠች። ጉንጯ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስልኩ ጆሮዋ ላይ ነው። መስኮቱ ላይ የከሰዓት ፀሐይ አለ፤ የበላችበት ሣህን አጠገቧ ደርቋል።

«ብሩኬ፣ ተኝተሽ ነው? ከምሳ በፊት የጫንሽው አዲሱ ፕሮግራም ምን ሆነ? ደንበኞቹ ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው!»

«የትኞቹ ደንበኞች?»

«ሁሉም ነው የምልሽ! ዛሬ ስብሰባ የጠራ ሰው በሙሉ። ከሁለት መቶ ሰው በላይ አንድ ቦታ ገብቷል። ዝጊው፤ አሁኑኑ ዝጊው!»

ኮምፒውተሩን ቀሰቀሰች። ስህተቱን ለማግኘት አልቸገራትም፤ የክፍሉ መለያ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ቀርቷል። ማሽኑ ወደ የትኛው ክፍል ልውሰዳቸው ብሎ ሲያይ ምንም ስላላገኘ ሁሉንም ወደ አንድ ክፍል አስገብቷቸዋል። «እሺ» ብሎም መልሷል። ለመዝጋት አንድ መስመር መጻፍ ይበቃል። ጻፈችው። ከመላኳ በፊት ግን ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ማየት አማራት፤ በሥራዋ እንዲህ ያለ ነገር አድርጋ አታውቅም። ገባች።

ሆሳዕና ያሉ ሽማግሌዎች ለአንድ ወጣት ሚስት ሊጠይቁ ተሰብስበዋል። የልጅቷ ቤተ ሰብ ጎንደር ነው። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በደንቡ ልመናቸውን ያቀረቡት ግን ለአንድ ባንክ የብድር ኮሚቴ ነበር። ኮሚቴውም ጉዳዩን መርምሮ በቅድመ ሁኔታ ፈቅዷል። አሁን አንድ የክሊኒክ ሐኪም ከወላይታ ስለ ሙሽራው የደም ግፊት እየጠየቁ ነው፤ ለማትሪክ ሲያጠኑ የነበሩ ተማሪዎች ያጨበጭባሉ፤ አንዲት የዕድር ጸሐፊ የድንኳኑን ነገር ለእኔ ተዉት ትላለች። ጥግ ላይ፣ በትንሿ ሳጥን ውስጥ፣ አንድ ጋቢ የለበሱ ሰው ከወንበራቸው ተነሥተው እጃቸውን ያወናጭፋሉ፤ አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል። ድምፃቸው ተዘግቷል። ከሥራቸው «የሙሽራዋ አባት» የሚል ጽሑፍ አለ።

ብሩክታዊት ድምፃቸውን ከፈተችላቸው።

«...ሰጥቻለሁ!» አሉ ሰውየው፣ ድምፃቸው ሻክሮ። «ሰጥቻለሁ እያልኩ ነው እኮ! የሚሰማኝ ጠፋ እንጂ ልጄን ሰጥቻለሁ!»

እልልታው ድምፅ ማጉያውን ሊሰነጥቀው ደረሰ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ፊታቸውን ወደ ካሜራው አስጠጉ።

«አንቺ ደግሞ፣ አሁን የገባሽው፣ የማን ወገን ነሽ ልጄ?» አሉ። «የልጅቷ ነሽ ወይስ የባንኩ?»

«የማንም አይደለሁም አባቴ» አለች። «ክፍሉን ልዘጋ ነው የመጣሁት።»

«ኧረ ቆይ! ገና ልንመርቅ ነው» አሉና ተነሡ። ከሁለት መቶ የሚበልጥ ሰው በየሳጥኑ እየተንኮሻኮሸ ተነሣ።

«ዘጋሽው?» አለ ዳግማዊ በስልኩ።

«ሊመርቁ ነው» አለችው።

ሽማግሌው ውለዱ ክበዱ አሉ፤ ቤታችሁ ሰው አይጣ አሉ። ብሩክታዊት ስልኩ ውስጥ አለቃዋ ቀስ ብሎ «አሜን» ሲል ሰማችው።